ከሲራራ እስከ ተሳቢ



እንደሚታወቀው ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ ያደጉ ከተሞች ናቸው። ቀድሞ ከአፋር በግመል ባቲ ገበያ የደረሰውን አሞሌ ወደ ደጋ ያወጣ የነበረው ሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያ እየነዳ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ ለራሱ ጥቅም ሲል እስከ አሰብ የመኪና መንገድ ዘረጋ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ መንገዱ ግን ለእኛ ቀረ። ከዚያማ ፊያቱና ተሳቢው ነገሠ። በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደ ወሎ ያመላልስ የነበረው ይኸው የጭነት መኪና ነው። በ1990 ዓ.ም. አሰብ ሲዘጋብን ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ እንጂ መኪናው አልተተወም። ምክንያቱም ከመጋዘን ደጅ ጭኖ ከሱቅ ደጅ ያራግፋል።

ጭሱ ግን የእኛው ዕዳ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ደሴ ለመግባት ደግሞ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ያረጀ ሞተር እዚያ ላይ ሲያጓራ ጥቁሩን ጭስ የሚምጉት የመንገድ ዳር ልጆቻችን ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የኤሌክትሪክ ባቡር የሩቁን ጭነት እንዲያቀልልን የታሰበ ነበር። ቢሆንም ባቡር ከሱቅ ደጅ አያራግፍም። ስለዚህ ሾፌርና ባለንብረት የሆናችሁ አባላት፣ ፊልትሮውን በጊዜው ለውጡ፤ የናፍጣ ፓምፑን አስመርምሩ፤ ከልክ በላይ አትጫኑ፤ የመልስ ጭነትም ተነጋግራችሁ ያዙ፣ መኪና ባዶውን ናፍጣ አይፍጅ። ዕድራችን የሞተውን እንደሚቀብር ሁሉ፣ ላለው ሰው ጤናም ማሰብ ይገባዋል።