አል-ጣኢፍ ላይ ሴራሚክ ስንቆርጥ

ኻርቱም የኖርን ሰዎች አል-ጣኢፍን የምናውቀው በቪላዎቹ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች በኋላ የከተማው ግንባታ ሲጧጧፍ፣ ከእኛም ወገን በመተማ በኩል ገብቶ ግማሹ በንግድ፣ ግማሹ በቀን ሥራ ኑሮውን ያዘ። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ የሁላችንንም ኪስ ይነካ ነበር። ካርቶን ውስጥ የተሰበረው የነጋዴው ኪሳራ ነው፤ ሲቆረጥ የተሸረፈው ደግሞ ከሠራተኛው ሒሳብ ይቀነሳል።

ነገሩ የሚያስቸግረው ሴራሚክ ሁለት ጠባይ ስላለው ነው። የሚያብለጨልጨው ፊቱ ብርጭቆ ነው፤ ጀርባው የተቃጠለ ሸክላ። የግድግዳው ዓይነት ጀርባው ለስላሳ ሲሆን ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ ይመጣል። ሸክላው እሺ ሲል ብርጭቆው ይረግፋል።

ሙያው የቆየ ነው። እዚያው አባይ ዳር፣ ግብፅ ሳቃራ ባለው የንጉሥ ጆሰር ፒራሚድ ሥር ያሉ ክፍሎች ከ4,600 ዓመት ገደማ በፊት በሰማያዊ ቅብ ሰሌዳዎች ተለብጠዋል። የሞሮኮ ዘሊጅ ሠሪዎች ዛሬም መሬት ተቀምጠው በከባድ ስለታም መዶሻ ይጠርባሉ። ትዕግሥታቸውን ይስጠን! ለእኛ የደረሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ባርሴሎና አጠገብ ሩቢ በምትባል ከተማ የቦአዳ ወንድማማቾች የፈጠሩት የእጅ መቁረጫ ነው። በሐዲድ የምትሄድ ትንሽ ክብ ምላጭ ብርጭቆውን ትጭራለች፤ ከዚያ እጀታው ሲጫን ስንጥቁ ጭረቱን ተከትሎ ይወርዳል። በ1954 ጀርመን ውስጥ ግራይንደር ተሠራ። ፈጣን ነው፤ አቧራውና ሽርፋቱም የዚያኑ ያህል።

አል-ጣኢፍ አንድ ቪላ ውስጥ ስድስት ሴራሚክ ብቻ ቀርቶን ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከገበያ አልቋል፤ ሌላ ቁጥር ብናመጣ መልኩ ይለያል። ቸኩለን በግራይንደር ሁለቱን ሸረፍን። ይሄኔ አብሮን የሚሠራው ሽማግሌ ሱዳናዊ ኡስታ ግራይንደሩን ነጠቀንና መቁረጫውን አቀረበ። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተጭኖ አንድ ጊዜ ብቻ ጫረ። እኛ ሁለቴና ሦስቴ እንመላለስ ነበር፤ ጥፋታችን እሱ ነው፤ ሁለተኛው ጭረት የመጀመሪያውን ጠርዝ ያረግፈዋል። ሰብሮም አልጨረሰም፤ ጠርዙን በመሳያ ድንጋይ ከብርጭቆው ወደ ሸክላው አቅጣጫ ብቻ ሞረደ።

ለቧንቧ የሚሆነው ማዕዘን ግን በጭረት አይወጣም። እዚያ ላይ ግራይንደሩን መለሰልን፤ ጥርስ የሌለው ቀጭን የአልማዝ ዲስክ አስገጥሞ፣ መስመሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ማዕዘኑን አስቀድሞ በመሰርሰሪያ በስቶ። ስንጥቁ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ብቻ በስሱ፣ ቀጥሎ እስከ ታች፣ ውኃ እያንጠባጠብን ቆረጥን። አራቱም ደኅና ወጡ። የሁለቱ ዋጋ ግን ከሒሳባችን ተቀነሰ፤ ለሁለቱ ቦታ ከበሩ ኋላ መልኩ የተለየ ለጠፍን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መሣሪያው ሁሉ እዚያው ቀረ። መተማ ደርሰን ኪሳችንን ስንፈትሽ ያቺ ክብ ምላጭ ተገኘች። ደንዝዛለች፤ ለሥራ ሌላ ገዝተናል።