የምክርና የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ሥነ ምግባር በቂርቆስና በካዛንቺስ

የምክርና የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ሥነ ምግባር የሚባለው ካውንስለሮች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ሶሻል ወርከሮችና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሠራተኞች ከተገልጋይ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚገዛ የደንብና የልማድ ስብስብ ነው። የተገልጋይን ምስጢር መጠበቅ፣ አገልግሎቱን አውቆና ወድዶ እንዲቀበል ማድረግ፣ ከአቅም በላይ የሆነን ጉዳይ ለሚችል ማስተላለፍ እንዲሁም ከተገልጋይ ጋር በጥቅም ወይም በፍቅር አለመተሳሰር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በመሐል አዲስ አበባ ደንቡ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ምስጢር ላይ ነው፤ ሰፈሩ ለምስጢር አይመችምና።

የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን፣ ትልልቅ ሆቴሎችን፣ ዘውዲቱ መታሰቢያና ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎችን ይዟል። የካዛንቺስ መንደሮች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእነዚህ ሕንፃዎች ጀርባ የተጠጋጉ የቀበሌ ቤቶች፣ የጋራ መጸዳጃዎችና የምሽት ቡና ቤቶች ነበሩ። ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት ግቢ ማን መጣ፣ ማን ወጣ፣ ማን ታመመ የሚለው ተደብቆ አያድርም።

ምክር ሙያ ከመሆኑ በፊትም ሰፈሩ ሚስጥረኛ አላጣም። የንስሐ አባት የሰሙትን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፤ ዕድር ሐዘንተኛን ያጽናናል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሚና አንድ አይደለም። የንስሐ አባት ምስጢርን ለማንም አያወጡም፤ ሽማግሌና ዕድር ግን ጉዳዩን ብዙ ሰው ፊት አቅርቦ መፍታት ይቀናቸዋል። ዘመናዊው ካውንስለር ለተገልጋዩ ቃል ሲገባ ወደ ንስሐ አባት ይጠጋል፣ በቡድን ሲሠራ ደግሞ ወደ ሽማግሌ፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ሶሻል ወርክ በኢትዮጵያ በመደበኛ ትምህርት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ነው። ትምህርት ቤቱ ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ፤ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የዘለቀው ክፍተት ቀላል አይደለም። ኤችአይቪ ከተማዋን ሲመታ፣ የጎዳና ሕይወት ሲሰፋ፣ በሙያው የሠለጠነ አንድ ሙሉ ትውልድ አልነበረም፤ ሥራውን የተሸከሙት ነርሶች፣ መምህራንና አጭር ሥልጠና የወሰዱ የሰፈር ልጆች ናቸው። የኢትዮጵያ የሶሺዮሎጂስቶች፣ የሶሻል ወርከሮችና የአንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሥርቷል። በዓለም ደረጃም የሶሻል ወርከሮች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሻሻለው የሥነ ምግባር መርሆች መግለጫ አለ። ሆኖም የሙያ ማኅበር አባልነት በፈቃደኝነት ስለሆነ ከማኅበሩ መባረር ከሥራ መታገድ ማለት አይደለም። ሐኪምና ነርስ የሥራ ፈቃድ አላቸው፣ ሊነጠቁም ይችላሉ። የወረዳ ሶሻል ወርከር ቢያጠፋ የሚጠየቀው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ለአለቃው ነው፤ ይህ የዘርፉ ትልቁ ድክመት ነው።

የምስጢር ፈተና

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን የኤድስ ሕሙማን የመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በዘውዲቱ ሆስፒታል በ1995 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ተጀመረ፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ተራው ረዘመ። በዚያ ዘመን የምክርና ምርመራ አገልግሎት በብዙ ቦታ ስም ሳይጠየቅ በመለያ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ይህ የወረቀቱን ምስጢር ይጠብቃል፤ የመንገዱን ግን አይጠብቅም። ካዛንቺስ የምትኖር ሴት ዘውዲቱ ተራ ስትጠብቅ ጎረቤቷ ካየቻት መለያ ቁጥሩ ምን ይፈይድላታል? የቤት ለቤት እንክብካቤ ሲስፋፋም የድርጅት ዓርማ ያለበት መኪና በር ላይ መቆሙ ብቻ ወሬ ይሆን ነበር። ብልህ ሠራተኞች መኪናውን አስፋልት ላይ ትተው በእግር ይገባሉ፤ ሲጠየቁም ከዕድር እንደመጡ ዘመድ ይሆናሉ። የኋለኛው ዘዴ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል፦ ተገልጋይን ለመጠበቅ ሲባል መዋሸት ይፈቀዳል? ማንነትን ሳይናገሩ ማለፍና ሐሰት መናገር የተለያዩ ናቸው፤ የተሻለው ሠራተኛ ተገልጋዩን አስቀድሞ «ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ዕድሜም ሌላ ቋጠሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የምክርና ምርመራ መመሪያ ከ15 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ ይጠይቃል። ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ፣ ነገር ግን ያገቡ፣ ያረገዙ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ ጎዳና ላይ ያሉ ወይም በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ግን ራሳቸው መፍቀድ ይችላሉ። ለካዛንቺስ የምሽት ጎዳና ይህ ልዩ ድንጋጌ ዋናው ደንብ ሆኖ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መመሪያው ፈቃዷን ይቀበላል፤ ልጅቷ ግን ጥበቃ የሚያስፈልጋት ሕፃን መሆኗ አይቀርም፤ ካውንስለሩም ሁለቱን አጣምሮ መያዝ አለበት።

መናገር የሚገባው መቼ ነው?

ሕጉ በከፊል ብቻ ይረዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል፤ የተጻፈው ግን በዋናነት እንደ ጠበቃ፣ የሃይማኖት አገልጋይና የሕክምና ባለሙያ ያሉ የቆዩ ሙያዎችን አስቦ ነው። የማሳወቅ ግዴታውም ጠባብ ነው፦ በአንቀጽ 443 መሠረት ወንጀልን ሳያሳውቁ መቅረት በአመዛኙ የሚያስቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ከ13 ዓመት በታች ባለች ሕፃን ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፤ ስለዚህ በተለመደው መልኩ ከዚያ መስመር በታች ይወድቃል። ውጤቱ ሲታይ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የተደፈረች ልጅ ያገኘ ሠራተኛ ከሕጉ ይልቅ በሙያው ሥነ ምግባርና በድርጅቱ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ ላይ ቆሞ ይወስናል። በሌላ አገር ግን እንዲህ ያለውን ግዴታ ፍርድ ቤት ያስቀመጠበት ጊዜ አለ፦ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በታራሶፍ ጉዳይ ላይ አማካሪ አደጋ የተጋረጠበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል።

በጋንዲ ሆስፒታል ያለው ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የተቋቋመ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ተጎጂዋ ታሪኳን አራት ቦታ እንዳትደግም ያደርጋል። አደጋው የሚመጣው የምክር ክፍሉና የምርመራ ክፍሉ ሲቀላቀሉ ነው። የምክር ባለሙያዋ የሰማችውን ሁሉ ለመዝገብ ካስረከበች፣ ተጎጂዋ የተናገረችው ለማጽናኛ ይሁን ለምስክርነት አይለይም። ስለዚህ ምን እንደሚጻፍና ማን እንደሚያነበው ከመጀመሪያው ደቂቃ መነገር አለበት።

ሰፈርተኛ ሆኖ ማገልገል

የምዕራቡ ደንብ ከተገልጋይ ጋር ሌላ ግንኙነት እንዳይኖር ያዛል። የአሜሪካ የካውንስሊንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ ከቀድሞ ተገልጋይ ጋር ለአምስት ዓመት የፍቅር ግንኙነትን ይከለክላል። የወሲብና የገንዘብ ጉዳይ በቂርቆስም እንዲሁ ሊከለከል ይገባዋል፤ ክርክር የለውም። ነገር ግን የሰፈር ሶሻል ወርከር ከተገልጋዩ ጋር በአንድ ዕድር ይሰበሰባል፣ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ቡና ተፈልቶለት «አልጠጣም» ያለ ሠራተኛ ድንበር የጠበቀ ሳይሆን የናቀ ይመስላል። ቡናውን መጠጣት፣ ዶሮና ጥሬ ገንዘብን ግን በትሕትና መመለስ በሰፈሩ የሚያስኬድ ድንበር ነው።

የሥነ ምግባር ጥሰት ሁልጊዜ ከግለሰብ አይመጣም። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትና የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎችን የሚለየው በማኅበረሰብ ኮሚቴ ነው፤ የተመረጡትም ስም ለቅሬታ እንዲመች በአደባባይ ይለጠፋል። ይህ አድልዎን ይከላከላል፤ በዚያው ልክ «ድሃ» የሚለውን ማኅተም በር ላይ ይለጥፋል። ግልጽነቱ ተጠብቆ ክብርም እንዲተርፍ ከስም ይልቅ የምዝገባ ቁጥር መለጠፍ ይቻል ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ሲያፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛወሩ። በዚህ ጊዜ «ተገልጋይን አለመተው» የሚለው መርሕ ተግባራዊ ትርጉም አገኘ፦ የተጀመረ ምክር፣ የመድኃኒት ክትትል፣ የሕፃን ጥበቃ ፋይል ከሰው ጋር ይሄዳል ወይስ ወረዳው ውስጥ ይቀራል? ቀደም ብሎ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ከወረዳ መደርደሪያ ላይ በላስቲክ ታስረው የሚገኙትን ፋይሎችም ይመለከታል፤ ማን ከፍቶ አነበባቸው የሚለው ጥያቄ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።