የኦሮሞ ድንች

የኦሮሞ ድንች በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚለማ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው፣ ካልተነቀለ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ተክል ነው። በወለጋ ዲንቻ ኦሮሞ፣ በደቡብ የወላይታ ድንች ይሉታል። ስሞቹ የድንች ዓይነት ያስመስሉታል እንጂ አይደለም። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ አበባውም ባለ ሁለት ከንፈር ነው። ይህ የበሶብላ፣ የጦስኝና የዳማከሴ ቤተሰብ መለያ ነው። ድንች ግን ከቲማቲምና ከበርበሬ ወገን ነው። ተመሳሳይነታቸው ከአፈር በታች ይጀምራል፤ የሁለቱም የሚበላ ክፍል አፈር ውስጥ የሚያብጥ የግንድ ጫፍ ነው። በነቀምቴ አካባቢ ጓሮ የሚጎራበተው አንጮቴ እንኳ ያበጠ ሥር እንጂ ግንድ አይደለም፤ ዘመዱም ዱባ ነው።

ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1858 ገደማ ነው። የኦሮሞ ድንች ያኔ የአገሩ ነባር ሰብል ነበር። ስለዚህ «ድንች» የሚለው ስም መጀመሪያ የዚህ ተክል ሳይሆን አይቀርም፤ እንግዳው ስሙን ሲወርስ ባለቤቱ «የኦሮሞ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። ስም ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። የዕፅዋት ሊቃውንቱስ ቢሆኑ መች ረጉ? ቫትኬ በሳይንሳዊ ስሙ ኮሊየስ ኤዱሊስ ያለውን አግኒው ፕሌክትራንተስ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ወደ ኮሊየስ ተመለሰ። የሳይንሱ ስም ግን ተክሉን ከዘመዶቹ መሐል ሲያዛውረው፣ የገበያው ስም ዘመዱ ካልሆነው ጋር ያመዛዝነዋል።

በዚህ ሚዛን ደግሞ መሸነፉ አይቀርም። ድንች በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ የኦሮሞ ድንች ከዚያ በላይ ይቆያል። ገበሬ ቶሎ የሚደርሰውን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ይህ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ዘግይቶ የሚደርሰው ሰብል አፈር ውስጥ እንዳለ ይጠብቃል፤ እንደ ጎተራ እያወጡ ይበሉታል። ከድንች ወገን ውጭ ስለሆነም ድንችንና ቲማቲምን አብሮ የሚያጠፋው የቅጠል በሽታ ዒላማው አይደለም። አመራረቱም የራሱ ነው፤ በወላይታና በጨንቻ ገበሬው ዘሩን ቆራርሶ ይተክላል፤ ቡቃያው ከፍ ሲል ጫፉን ይቀነጥሳል፤ ቅርንጫፉ ሲበዛም አፈር ያስታቅፈዋል።