በአፍ መላመድ

ሕፃን አዲስ ምግብ ሲጀምር እናቶች «ሆዱ ገና አልለመደውም» ይላሉ። የአለርጂ ሐኪሞች «ኦራል ቶለራንስ» የሚሉት ነገር ከዚህ አባባል ብዙ አይርቅም፤ በአማርኛም «በአፍ መላመድ» ቢባል ይስማማዋል።

«መቻቻል» ቀድሞ አፍ ላይ ቢመጣም እዚህ ቦታ የለውም፤ መቻቻል የሁለት ወገን ጉዳይ ነው። «መቻል» ደግሞ ሕመምን ተሸክሞ ማለፍ ይመስላል። ጤነኛ ሰውነት ግን ምግብን አይሸከመውም፣ ይለምደዋል። በአንጀት ዙሪያ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት የእንቁላሉን ወይም የኦቾሎኒውን ፕሮቲን ደጋግመው ሲያገኙት ጠላት አለመሆኑን ይማራሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይቆጡም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ መከረ። የታሰበው ለደግ ነበር። ሆኖም በአገሪቱ በተደረጉ ጥናቶች፣ በ1997 0.4 በመቶ የነበረው የልጆች የኦቾሎኒ አለርጂ በ2008 1.4 በመቶ ደርሶ ተገኘ። ለጭማሪው ምክሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ እንዳልጠቀመ ግን ታየ፤ በዚያው ዓመትም ተነሣ።

መልሱ የተገኘው ከልጆች መክሰስ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተሰቦች ባምባን ያውቁታል፤ ከበቆሎና ከኦቾሎኒ የሚሠራ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። በ2008 የወጣ ጥናት የእስራኤልንና የብሪታንያን አይሁድ ተማሪዎች አነጻጸረ፤ አለርጂው በብሪታንያ 1.85፣ በእስራኤል 0.17 በመቶ ሆነ። የዘር ሐረጋቸው ይቀራረባል፣ ገበታቸው ግን ይለያያል፤ የእስራኤል ሕፃናት ኦቾሎኒን ዓመት ሳይሞላቸው ይቀምሳሉ።

ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው ይህን ለንደን ላይ ፈተኑት። ብርቱ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ኦቾሎኒ እንዲበሉ፣ ገሚሶቹ እንዳይቀምሱ ተደረገ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17.2 በመቶው፣ ከበሉት 3.2 በመቶው ብቻ የኦቾሎኒ አለርጂ ያዛቸው። ውጤቱ በ2015 ታተመ።

ችፌ ያለባቸው ለምን ተመረጡ? ላክ እንደሚሉት ሰውነት ምግብን በሁለት በር ይተዋወቃል። ልጁ ኦቾሎኒ ባይበላም ብናኙ ከቤቱ አይጠፋም፤ በችፌ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ሰውነት እንደ ወራሪ ይቀበለዋል። በአፍ ቀድሞ የገባው ግን እንግዳ አይሆንበትም።

ብርቱ ችፌ ያለበት ሕፃን ከመቅመሱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አለርጂው አስቀድሞ የያዘውን ልጅ ቤት ውስጥ «ላለማምደው» ማለት ለሕይወቱ ያሰጋል። ለጤነኛውም ቢሆን ኦቾሎኒው ልሞ፣ በገንፎ ወይም በውኃ ቀጥኖ ይሰጠዋል፤ ፍሬው እንዳለ ከተሰጠው ሊያንቀው ይችላል።