«ሰርተፋይድ» ስንል

«ድርጅታችን አይሶ ተሸለመ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር «ማን ሸለመው?» እላለሁ። ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይሶ፣ ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ መርምሮ የሚሰጠው ሌላ አካል ነው፤ በአገራችን ለምሳሌ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት። ምስክር ወረቀቱን ያገኘ «ሰርተፋይድ» ይባላል፤ የቃሉ የላቲን ሥር «እርግጥ» ማለት ነው፤ የእኛው «ማረጋገጫ»ም ከ«እርግጥ» ጋር ሥር ይጋራል። ምስክር ወረቀቱ ታዲያ ምኑን ነው የሚያረጋግጠው? የጭሮ ወይም የገለምሶ ቡና አቅራቢ የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ የሆነውን የአይሶ 9001 ምስክር ወረቀት ቢይዝ፣ የተመሰከረለት የሐረር ቡናው ጣዕም ሳይሆን አረካከቡ፣ አመዛዘኑ፣ የመጋዘን አያያዙና የደንበኛን ቅሬታ የሚፈታበት መንገድ ነው። (ጣዕሙን ቀማሾች ይፍረዱ።) እኔ «የአሠራር ማረጋገጫ» ብንለው እመርጣለሁ፤ «ሽልማት» የሚለውን ግን እባካችሁ ከሰሌዳችሁ ላይ አውርዱልን።