ከሰማይ የወደቁ ሁለት ጽሑፎች

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 የሰንበት ዕለት ነበረ። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር 16 ቀን በጠፈር ቆይታ ስትመለስ፣ ለማረፍ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀራት በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተሰባበረች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎችዋ አለቁ። ከእነርሱም አንዱ የመጀመሪያው እስራኤላዊ የጠፈር ተጓዥ ኮሎኔል ኢላን ራሞን ነበሩ። የዚያን ዕለት ሐዘን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አሁን የምንናገረው ከዚያ እሳት ተርፈው መሬት ላይ ስለ ወደቁ ሁለት ጽሑፎች ነው፤ አንዱ በወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ፣ ሁለተኛው በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ የተመዘገበ ነው።

የወረቀቱ የኮሎኔል ራሞን የማስታወሻ ደብተር ነው። አደጋው ከደረሰ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በቴክሳስ ሜዳ ላይ ተገኘ። የተረፉት 37 ገጾች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ተቀዳደውና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ቀለማቸውም ደብዝዞ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮና ራሞን ደብተሩን ኢየሩሳሌም ለሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ሰጡ። የሙዚየሙ ባለሙያዎች ገጾቹን በትዕግሥት ለያዩአቸው፤ የደበዘዘውን ጽሕፈት ደግሞ የእስራኤል ፖሊስ የምርመራ ክፍል ሰዎች እየመረመሩ አነበቡት። ከተነበበውም መካከል ኮሎኔሉ በዓርብ ማታ የሚባለውን ቂዱሽ በእጃቸው ገልብጠው ይዘው እንደ ነበር ታየ። በ2008 ጥቂት ገጾች በሙዚየሙ ለሕዝብ ቀረቡ። ብራና ሲያገላብጥ ላደገ ሰው ይህ ሥራ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ግን ለእኛ ለሽማግሌዎቹ እንግዳ ነገር ነው። በኮሎምቢያ ላይ ከተካሄዱት ምርምሮች አንዱ ዜኖን የሚባለውን ጋዝ የሚመለከት ነበር። ጋዝነቱና ፈሳሽነቱ በማይለይበት ደረጃ ላይ ሳለ ሲማሰል ይቀጥናል ወይስ አይቀጥንም የሚለውን ለማወቅ ተፈልጎ ነው። በምድር ላይ የራሱ ክብደት ስለሚጫነው ነገሩን በትክክል ለመለካት አይቻልም። የመለኪያው ውጤት ከፊሉ በጉዞው ጊዜ ወደ መሬት ተልኳል፤ የቀረው ግን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ግልባጭ አልነበረውም።

ይህ ዲስክ ስድስት ወር ያህል በደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ ወድቆ ከቆየ በኋላ ተገኘ። ላዩ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ አቧራ እንዳይገባበት የሚከላከለው ማሸጊያ ቀልጦ ውስጡ ቆሽሿል። ሚኔሶታ ውስጥ ላለው ኦንትራክ ለተባለ ድርጅት ተላከ። በዚያም ጆን ኤድዋርድስ የተባሉት መሐንዲስ ከፍተው ቢያዩት፣ ጽሕፈቱን የያዙት ክብ የብረት ሳህኖች ተቦርቡረዋል እንጂ አልተጣመሙም። በኬሚካል አጥበው በአዲስ ዲስክ አካል ውስጥ አስገቡአቸውና በሁለት ቀን ውስጥ ከጽሑፉ ከመቶ 99 እጅ ያህሉን አወጡ። የምርምሩ ውጤት በ2008 ታተመ፤ ዜኖን ሲማሰል እንደሚቀጥንም ታወቀ።

ሰው ይህን ሲሰማ ተአምር ነው ይላል። ነገር ግን ምክንያት አለው። ዲስኩ ከ400 ሜጋ ባይት የማይበልጥ ትንሽ ነው፤ ከዚያም የተጻፈበት ግማሹ ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ዶስ በሚባለው አሮጌ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ጽሑፉን በየቦታው ሳይበታትን በአንድ ወገን ተከታትሎ ጽፎታል። የተቦረቦረውም ባዶው ወገን ነው። ከመንኮራኩሯ የተገኙ ሌሎች ሁለት ዲስኮች ተሞክረው ምንም አልወጣላቸውም።

የዲስክ ታሪክ ረጅም አይደለም። የመጀመሪያውን አይ ቢ ኤም በ1956 አወጣ፤ ራማክ ይባል ነበር። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ሆኖ ሳለ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መጠኑ አነሰ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ሳህኑ ይሽከረከራል፤ አንባቢው ጫፍ ሳይነካው በላዩ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ የሚያንስ ነው። ስለዚህ ጫፉ ሳህኑን ከነካ ይፍቀዋል፤ አንድ ጊዜ የተፋቀውንም ማንም አይመልሰውም።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙውን ጊዜ ቋ ቋ ይላል፣ ወይም ኮምፒዩተሩ አንድ ፎቶግራፍ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የቤቱ ልጅ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ እንደገና ይሞክረዋል። እያንዳንዱ ሙከራ ፍቂያ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት የሚሉም አሉ፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ስለሚይዝ ይብስበታል።

ባለሙያዎች የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ቋ የሚለውን ወዲያውኑ ከኤሌክትሪክ ይነቅሉታል፤ አቧራ በሌለበት ክፍል ካልሆነም አይከፍቱትም። ድምፅ ሳያሰማ የዘገየውን ደግሞ አስቀድመው ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጡታል፤ ፍለጋውም በግልባጩ ላይ ይሆናል። ከ2004 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ዲ ዲ ሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። የደኅናውን ቦታ ሁሉ በመጀመሪያ ገልብጦ ይጨርሳል፤ የተበላሸውን እየዘለለ ያልፍና በመጨረሻ ይመለስበታል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ፣ የተበላ ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊም እንዲሁ ስለሚያደርግ ነው። የሚነበበውን ጽፎ፣ ለማይነበበው ክፍት ቦታ ትቶ ያልፋል።

በስሕተት የተሰረዘ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ኮምፒዩተሩ የሚሰርዘው ማውጫውን ነው፤ ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው።

በእኛ ቤት ያለውን ነገር እናስብ። ሽማግሌዎቻችን የተናገሩት መጀመሪያ በካሴት ተቀዳ፤ ኋላም ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ ካሴቱን የጣሉ ቤተሰቦችም አሉ። በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ላለቁት 4,000 ያህል ወገኖቻችን በ2007 በሔርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሟል። ነገር ግን ማን በየትኛው ወንዝ አጠገብ እንደ ቀረ፣ ማንስ እንደ ቀበረው፣ ከተናጋሪ አንደበት እንጂ ከመዝገብ አይገኝም። ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ዛሬ የሉም። የእያንዳንዳቸው ቃል፣ እንደ ዜኖኑ ምርምር፣ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የቀረበት ቤት ቢኖር፣ ዲስኩ ቋ ሳይል ሁለት ግልባጭ ይውጣለት፤ አንዱም በሌላ ቤት ይቀመጥ። በየሣጥኑ ላይ የተናጋሪው ስም፣ የአባቱ ስምና የመንደሩ ስም ይጻፍ። ስም ከሌለው፣ ድምፁ ቢወጣም የልጅ ልጅ የማን እንደ ሆነ አይለየውም።

ግልባጩ ካልነበረና ዲስኩ ከሞተ፣ ጥገናውን የሚሠሩ ባለሙያዎች በአገራችን አሉ። ዋጋው ውድ ነው፤ ውጤቱም አስቀድሞ አይታወቅም። በቤት ከመነካካቱ በፊት ለእነርሱ ማሳየት ይሻላል።

በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን የለም፤ ጽሑፉ የሚቀመጠው በትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ቺፖች ላይ ነው። ቢወድቁ እንደ ቀድሞዎቹ አይጎዱም። ይሁን እንጂ ሲሞቱ ቋ አይሉም፣ ብዙ ጊዜም ሳይታሰብ ነው የሚሞቱት። አንድ ነገር ከተሰረዘባቸውም ኮምፒዩተሩ ራሱ ጥቂት ቆይቶ ቦታውን ስለሚያጸዳው፣ ሌላ ሳይጻፍበትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።