ከነጃሺ እስከ ለገጣፎ፦ የሙስሊም ስም አወጣጥ በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ዙሪያ በተኮለኮሉት ከተሞች፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በአንድ ሙስሊም ቤት ልጅ ሲወለድ አራሷ ገና ገንፎዋን ሳትጨርስ «ማን እንበለው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው የቤተሰብ ጉዳይ ይመስላል፤ ከበስተኋላው ግን የአሥራ አራት መቶ ዓመታት ታሪክ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሃይማኖት፣ አገርና መንግሥት በሕፃኑ ስም ላይ ድርሻ ሲሻሙ ኖረዋል። ይህ ቅኝት የሦስቱ ሚዛን ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለዋወጠ ይከተላል። የእያንዳንዱን ስም ሥር መመርመሩን ለቋንቋ ሊቃውንት ይተዋል።

መነሻው የአክሱም ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በነጃሺ አስሐማ ጥላ ሥር ሲጠለሉ እዚሁ ወልደዋል፣ ስምም አውጥተዋል። የስደተኞቹ ቃል አቀባይ የነበረው የጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። ከሐበሻ ዘር የሆኑት ቢላልና በረካ የተባለችው ኡሙ አይመን ደግሞ በመካና በመዲና ስማቸውን ተክለዋል፤ ዛሬም በየሰፈሩ ቢላል የሚባል ልጅ አይጠፋም። የስም አወጣጡ መሠረታዊ ደንብም የተቀረጸው በዚያው ዘመን ነው። ነቢዩ ከስሞች ሁሉ በአላህ ዘንድ የተወደዱት ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸውን አስተምረዋል፤ መጥፎ ትርጉም ያላቸውን ስሞች ለውጠዋል፤ የገዛ ልጃቸውንም በተወለደባት ሌሊት በአባታቸው በነቢዩ ኢብራሂም ስም ጠርተዋል። በሰባተኛው ቀን ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ የሚታረድበት አቂቃ፣ ጠጉር መላጨትና በክብደቱ ልክ ብር መመጽወት ከዚያ ጀምሮ የወጡ ሥርዓቶች ናቸው። ባጭሩ፣ የመጀመሪያው ዘመን ለስም ያቆመው መስፈርት መልካም ትርጉም ነው፤ ስሙ ዐረብኛ ይሁን የሚል ግዴታ አላስቀመጠም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመካከለኛው ዘመን ሱልጣኔቶች ነው። በሸዋ ምድር የነበረውና እስከ እ.ኤ.አ. 1285 የዘለቀው የመኽዙሚ ሱልጣኔት ዜና መዋዕል ላይ በ1063 ያረፈችው ንግሥት ባዲት ቢንት ማያ ትገኛለች። እነ ድልማራንና እነ ድልጋሚስን የመሰሉ የገዢዎች ስሞችም በዚያው ሰፍረዋል። ሙስሊም ሆነው የሚጠሩበት ስም የአገሩ ሴማዊ ቋንቋ ቃና ነበረው። ሱልጣኔቱን የተካው የይፋት ወላስማ ሥርወ መንግሥት ግን ሰብረዲን፣ ሐቀዲን፣ ሰዓደዲን፣ ጀማለዲን እያለ ሄደ። ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር የተሳሰረው ንግድና ትምህርት «የሃይማኖት እውነት»፣ «የሃይማኖት ውበት» የሚሉ የማዕረግ ስሞችን ከቤተ መንግሥት አስገባ። ያም ሆኖ አገርኛው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1543 የተገደሉት የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ ትባል ነበር። ባልየው በነቢዩ ስም፣ ሚስትየዋ በአገሩ ቃል የተጠሩበት ይህ አንድ ጎጆ የዘመኑን መልክ በደንብ ያሳያል።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ስም አውጪው ሱልጣን መሆኑ ቀርቶ ሼኽ ሆነ። ቃድሪያ የተባለው የሱፊዎች ጦሪቃ (መንፈሳዊ መንገድ) በወሎና በደቡብ ሲስፋፋ በሼኽ ዐብዱልቃድር ጄይላኒ ስም መሰየም በዛ። በባሌ አናጂና የሚዘየሩት ሼኽ ሁሴን ደግሞ ኑርሁሴን ለሚለው ስም መስፋፋት ምክንያት ሆኑ። በወሎ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ሲደረግ፣ መንዙማው ሲወርድና ቡናው ሲቀርብ፣ ሕፃኑ በሼኹ ፊት ቱፍታ ይቀበላል፤ ስሙም ከዱዓው ጋር ይወጣል። ሕዝቡ ዐረብኛውን በራሱ ምላስ አለዘበው፦ ኢድሪስ እንድሪስ፣ ኢማም ይማም፣ አሕመድ አመዴ፣ ፋጢማ ፋጡማ ሲልም ፋጤ ሆኑ። የተወለዱበት ጊዜም ጁማ፣ ረጀብ፣ ረመዳን፣ መውሊድ እየተባለ ስም ሆነ። በጅማ በኩል ደግሞ ንጉሡ በፈረስ ስማቸው አባ ጅፋር ተብለው በታሪክ ቆሙ፤ ኦሮሞነቱና እስልምናው በአንድ ሰው ላይ ያለ ጠብ ኖሩ። የዚህ ዘመን ድምር እንግዲህ የሃይማኖቱ ስም በአገር ልብስ መታየቱ ነው።

ይህን ሂደት የበጠሰው የመንግሥት እጅ ነው። በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ማግስት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም መኳንንት በግዳጅ ወደ ክርስትና ሲያስገቡ መጀመሪያ የተለወጠው ስም ነበር። መሐመድ ዓሊ «ሚካኤል» ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበን «ኃይለ ማርያም» ሆኑ። የእኚሁ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ እስከ አያቱ ሲጠራ ኢያሱ ሚካኤል ዓሊ ነው፤ በሦስት ትውልድ ውስጥ የሁለት ሃይማኖት ታሪክ ተጽፏል። በ20ኛው መቶ ዘመን ግዳጁ ቢቀርም ጫናው በሌላ መልክ ቀጠለ። በከተማ ትምህርት ቤት ለመግባት፣ ሥራ ለመያዝና ሹመት ለማግኘት ብዙ ሙስሊሞች የአማርኛ ወይም የክርስትና ስም ያዙ። ልጁ በቤቱ ሰይድ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ሆኖ ኖረ። የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም በ1961 ዓ.ም መታተሙ የቅዱሱን መጽሐፍ ስሞች ፍቺ ለአማርኛ አንባቢ ቢያቀርብም፣ የሁለት ስም ኑሮን አላስቀረም።

የመዞሪያው ነጥብ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተካሄደው ታላቁ የእኩልነት ሰልፍ ነው፤ ሙስሊሞች ወጡ፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ዒዶቹና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው። ከ1983 ዓ.ም በኋላ የእስልምና ሕትመት ተስፋፋ፤ የሐጅና የዓረብ አገር የሥራ ጉዞ በረከተ፤ የመድረሳው ትምህርትም ጠነከረ። ወላጆች ትርጉም እየጠየቁ ስም መምረጥ ያዙ። ሒክማ፣ ኢማን፣ ፊርደውስ፣ ሱመያ፣ ሙዓዝ፣ ሐምዛ፣ ረያን የሚሉት ስሞች እነ ፋጡማንና እነ እንድሪስን ወደ አያት ተርታ ገፏቸው። ከአላህ በቀር የማንም ባሪያ ነው የሚያሰኝ ስም እንደማይገባ መምህራኑ አጥብቀው አስተማሩ። አሸማቃቂ የነበረው ስም መታወቂያና መኩሪያ ሆነ፤ በልዝብ አጠራር የኖረው የአያቶች ስም ግን በአንጻሩ «የድሮ» ተባለ።

አሁን ያለንበት ምዕራፍ መልኩ በደንብ የሚታየው በነዚህ የዳር ከተሞች ነው። ምድሩ የቱለማ ኦሮሞ ነው፤ የለገጣፎ መጠሪያ ራሱ ከወንዝ የተወሰደ ነው። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይና የቦታ ዋጋ የሸሸው፣ በፋብሪካ ሥራ የተሳበው ሕዝብ ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከሐረር ይመጣል። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እዚህ በሚካሄድ አንድ አቂቃ ላይ የወሎዋ አያት የእናታቸውን ስም ከዲጃን ይሻሉ፤ እናትየዋ ረያንን መርጣለች፤ በአባትየው በኩል ያሉት የአርሲ ዘመዶች ኦሮምኛ ስም ይቅደም ይላሉ። ክርክሩ ሲብላላ ግን የሚያገናኛቸው ብዙ ነው። ኑር ማለት ብርሃን ነው፤ በኦሮምኛ ኢፋ ይባላል። ሷቢር ትዕግሥተኛ ሲሆን ኦብሳም ትዕግሥት ነው። ዓሊ መሐመድ ሙሳ ተብሎ የተወለደውን ድምፃዊ አገር ሁሉ የኦሮምኛ ቃል በታከለበት ዓሊ ቢራ በሚለው ስም ማወቁ ሁለቱ አብረው እንደሚያምሩ አስቀድሞ አሳይቷል።

ዘመኑ አዲስ ያመጣው ፈተና የጽሑፍ ነው። በ2004 ዓ.ም የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የስም መጨረሻ ሼኹ ዘንድ መሆኑ ቀርቶ መዝገብ ላይ ሆኗል። አንዱ የነቢዩ ስም በአማርኛ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሀመድ እየተባለ ይጻፋል። በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ በሆነው ኦሮምኛ፣ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ሲሰፍር ደግሞ የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ፊደል ይወጣል፤ በግዕዙ ፊደል ግን መጥበቁ አይታይም። ፓስፖርት ላይ ሌላ አጻጻፍ ይጨመርበታል። ትምህርት ቤት የገባበት፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ያወጣበትና ፓስፖርት የያዘበት ስም በአንዲት ፊደል ሲለያይ ልጁ ካደገ በኋላ አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የዘመናቱ ድምር እንዲህ ነው፦ የአክሱም ዘመን ትርጉምን፣ ሱልጣኔቶቹ ክብርን፣ የወሎና የባሌ ሼኾች ለምላስ መቅረብን፣ የ20ኛው መቶ ዘመን ትግል ደግሞ በራስ ስም ሳያፍሩ መጠራትን አወረሱ። አንዱ ዘመን ያገነነውን ሌላው ቸል ብሎታል፤ የተሟላ ምርጫ ግን አራቱንም ይፈልጋል። ጉዳዩን የሚያከብደው ደግሞ የአገራችን አጠራር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም ሕዝቡ በአባትና በአያት ስም መጠራቱን አልተወም። ስለዚህ ዛሬ ለገጣፎ ላይ ለወንድ ልጅ የሚወጣው ስም ነገ የልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። ወላጅ በአቂቃው ቀን የሚመርጠው ለሦስት ትውልድ ነውና፣ የአያትየዋን ቃል ሰምቶ፣ ትርጉሙን ጠይቆ፣ አጻጻፉንም አንድ አድርጎ ቢያስመዘግብ ከታሪኩ የሚጠበቅበትን አድርጓል።